ፊልሙ ዋሸን ወይስ ራሳችንን ሸወድን? የ«ዘ ሲክስዝ ሴንስ» አጨራረስ ክርክር

አወያዩ፦
ሰላም ቤተሰብ። የዚህ ሳምንት ፊልም በድምፃችሁ መሠረት «ዘ ሲክስዝ ሴንስ» ሆኗል። በ1999 እ.ኤ.አ. የወጣ፣ ኤም. ናይት ሺያማላን ራሱ ጽፎ ራሱ ያዘጋጀው። ከዚህ በታች መጨረሻው በግልጽ ይነገራል። ያላያችሁ ከአሁኑ ውጡ፤ በኋላ ስሞታ አልቀበልም።

አይቶ ለረሳ ሰው ባጭሩ፦ ማልኮም ክሮው (ብሩስ ዊሊስ) ፊላደልፊያ የሚኖር የሕፃናት ሥነ ልቦና ሐኪም ነው። ሽልማት በተቀበለበት ማታ፣ ልጅ ሳለ ያከመው ቪንሰንት የሚባል ወጣት ቤቱ ገብቶ ይተኩስበታል፤ ራሱንም ይገድላል። ስክሪኑ ይጨልማል። «በቀጣዩ መጸው» የሚል ጽሑፍ ይመጣና ማልኮም አግዳሚ ላይ ተቀምጦ ኮል የሚባል የ9 ዓመት ልጅ ከቤቱ እስኪወጣ ሲጠብቅ እናያለን። ልጁ ሙታን ይታዩታል። ማልኮም እሱን ሲረዳ ይከርማል፤ እቤት ግን ሚስቱ አና ዘግታዋለች። መጨረሻ ላይ የጋብቻ ቀለበቱ ከአና እጅ ወድቆ ሲንከባለል ነገሩ ይገለጣል። ማልኮም ያን ማታ ሞቷል።

ጥያቄዬ አንድ ነው። ይህ ብልሃት ነው ወይስ ማጭበርበር? ካወቃችሁ በኋላስ ፊልሙ ይታያል?

ጋሽ መምህር፦
እኔ ማጭበርበር ነው ባይ ነኝ። መጀመሪያ ሳየው እንደ ልጆቹ ሁሉ ደንግጬ ከወንበሬ ተነስቻለሁ፤ አልክድም። ስተኛ ግን ተናደድኩ። ዕድሜ ልኬን አማርኛ ያስተማርኩ ሰው ነኝ። ተረት እንኳ ስንጀምር «ተረት ተረት» ሲባል «የመሠረት» እንላለን፤ ተራኪውም ሰሚውም ፈጠራ ሊወራ ነው ተባብለው ነው የሚገቡት። እዚህ ግን ደራሲው ዋናውን ነገር ኪሱ ውስጥ ደብቆ ሁለት ሰዓት ሊሞላ ጥቂት እስኪቀረው ያስኬደንና «ይኸው» ብሎ ያወጣዋል። የገበያ ሦስት ካርታ ተጫዋችም ይህንኑ ነው የሚያደርገው።

ደግሞስ ሰውዬው ወራት ሙሉ ማንም ሳያናግረው፣ ሳይበላ፣ ልብስ ሳይቀይር፣ አንድም ሰው «ደህና ዋልክ» ሳይለው መሞቱን አያውቅም? እንዲህ ያለ ሐኪም ነው ልጅ የሚያክመው?

የቄራው፦
ሃሃሃ ጋሼ አፈር አበሏቸው!
እኔ ግን የምለው፣ ይሄ ፊልም አዲስ አበባ ቢሠራ አሥር ደቂቃ አይቆይም። ማልኮም ገና ሳይወድቅ የእድር ጥሩንባ ተነፍቶ፣ ድንኳን ተተክሎ፣ አግዳሚ ወንበር ተደርድሮ፣ ሰፈሩ ካርታ እየተጫወተ ሲያድር ሰውዬው «የማን ልቅሶ ነው?» ብሎ ይጠይቅ ነበር። አለቀ። ደግሞ እኛ ጋ ሚስት ዝም ብላ አትከርምም፤ ስሙን እየጠራች ደረቷን ትደቃለች። ትዊስቱን፣ ያን የመጨረሻውን ያልተጠበቀ ነገር፣ አልቃሽ ትጨርሰዋለች።

ዲያቆኑ፦
ቄራው አሳቅከኝ፤ ነገርህ ግን ቁም ነገር አለው። እኛ ጋ ሟች ቀን ይቆጠርለታል። ሣልስቱ፣ ሰባቱ፣ አሥራ ሁለቱ፣ ሰላሳው፣ አርባው፣ ሰማንያው፣ መንፈቁ፣ ሙት ዓመቱ። ቤተ ሰብ በየቀኑ እየተሰበሰበ «ሄዷል» ይላል። ተዝካሩ ለነፍሱ ቢሆንም ለቆሙትም ማወቂያ ነው። አና ጋ ግን አንድም የሚያስለቅሳት ሰው ሲመጣ አይታይም፤ ብቻዋን ሶፋ ላይ የሠርጓን ቪዲዮ ከፍታ ትተኛለች።

በሃይማኖት በኩል ግን ፊልሙን አልወደውም። ሙታን በየመንገዱ መሞታቸውን ሳያውቁ ይንከራተታሉ የሚለው ትምህርታችን አይደለም። ሕፃን ልጅ ሙታን አናገረ ቢለኝ «ጠይቃቸው፣ ምን ፈልገው ነው» አልለውም። የሟች መልክ ይዞ የሚመጣ ሌላም አለና።

ኤዲተሩ፦
ጋሼ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝና ማጭበርበር የሚለው ላይ አልስማማም። ሙያዬ ስለሆነ ትንሽ ልዘርዝር።

እኔ የሠርግ ቪዲዮ ነው የምቆርጠው። ሙሽራው መኪና ውስጥ ሆኖ አንገቱን ሰገግ ሲያደርግ የቀረጽኩት ከጠዋቱ 4 ሰዓት ነው። ሙሽራዋ በመስኮት ስትመለከት የቀረጽኳት ከዚያ አንድ ሰዓት ቀድሞ ነው። ሁለቱን አከታትዬ ሳስቀምጣቸው የሙሽራዋ እናት «ውይ፣ እንዴት እንደተያዩ!» ብለው ያለቅሳሉ። አልተያዩም። እኔም ውሸት አልጨመርኩም። መሃሉን የሞሉት እሳቸው ናቸው።

ሺያማላን ያደረገው ይህንኑ ነው። ኮል ከትምህርት ቤት ሲመለስ ሳሎን ውስጥ እናቱና ማልኮም ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። ሁለቱም ዝም ብለዋል። እኛ ምን እንላለን? «ስለ ልጁ ሲያወሩ ቆይተው ጨረሱ» እንላለን። አንድም ቃል ግን አልተለዋወጡም። እናትየው ተነስታ ልጇን ታናግራለች፤ ስለ እራት ትነግረዋለች፤ ወደ ጓዳ ትሄዳለች። ሐኪሙን «ሻይ ላምጣልህ» እንኳ አላለችውም። ይህን አንድ ሐበሻ ተመልካች እንዴት ዝም ብሎ ያልፋል? እንግዳ እቤቷ ተቀምጦ ሻይ የማትል እናት!

የቄራው፦
እሱስ እውነት ነው፤ እኔ «ፈረንጅ ነች» ብዬ ነው ያለፍኩት።

ኤዲተሩ፦
አየህ! «ፈረንጅ ነች» ብለህ አንተው ሞላኸው። ለሬስቶራንቱም ያው ነው። የጋብቻ በዓላቸው ቀን ነው። ማልኮም ዘግይቶ ይገባል፣ ይቀመጣል፣ ይቅርታ ይላል፣ ስለ ልጁ ያወራል። አና ቀና ብላ አታየውም። ሒሳብ ሲመጣ እጁን ይዘረጋል፤ እሷ ቀድማ ትወስደዋለች። ፈርማ «መልካም የጋብቻ በዓል» ብላ ትነሳለች። አቋረጠኝ የሚል ሰው የለም፣ ተሳሳትኩ የሚል ሰው የለም፤ ካሜራው አንድም የሌለ ነገር አላሳየንም። «ባሏ ሥራ ስለሚበዛበት የተቆጣች ሚስት» የሚለውን ታሪክ የጻፍነው እኛ ነን።

ልብሱንም ልብ በሉ። ካፖርቱ፣ ሸሚዙ፣ ሹራቡ ሁሉ ያን ማታ ሲለብሰው ወይም አጠገቡ ሲሆን ካየነው አይወጣም። ከላይ ያወልቃል፣ ይደርባል እንጂ አዲስ አይለብስም።

ፊልሙ ውስጥ ፍንጭ ነው የሚባለው ቀይ ቀለም ላይ አልገባም፤ የበሩ እጀታ፣ ድንኳኑ፣ ፊኛው እየተባለ በየቪዲዮው ተወርቶ ተወርቶ ሰልችቷል።

ጋሽ መምህር፦
ኤዲተር፣ ሙያህን አከብራለሁ። ግን ራስህን ነው የከሰስከው። እናትየዋ «ተያዩ» ብለው ያለቀሱት አንተ አስበህ ስለቆረጥከው ነው። ቃል ሳይናገሩ ማሳሳትም ማሳሳት ነው። ፍርድ ቤት ውስጥ ምስክር ግማሹን እውነት ብቻ ቢናገር «አልዋሸሁም» ብሎ ነፃ ይወጣል?

ሌላም አለኝ። ሰውዬው የአናን ሱቅ በር መስታወት ይሰብራል! የሞተ ሰው መስታወት ይሰብራል እንጂ ሒሳብ አይከፍልም? ሕጉ ምንድን ነው?

የደሴው፦
ጋሼ፣ ለመስታወቱ መልስ አለው። ፊልሙ ውስጥ ሙታን ዕቃ ይነካሉ። ኮል ጓዳ ቁርስ ሲበላ እናቱ ለቅጽበት ወጣ ብላ ስትመለስ የቁም ሳጥኑም የመሳቢያውም በር ሁሉ ተከፍቶ ታገኘዋለች። የልጁ ጀርባ ላይ ጭረት አለ። ኪራ የምትባለው የሞተች ልጅ ደግሞ ቪዲዮ ካሴት ያለበት ሳጥን በእጇ አቀብላዋለች። ሕጉ ከመጀመሪያውም ይኸው ነው፤ ማልኮም ሲሰብር አዲስ አልተደረገለትም።

ሕጉንም ልጁ ራሱ ተናግሮታል። ሆስፒታል አልጋ ላይ ሆኖ ማየት የሚፈልጉትን ብቻ ነው የሚያዩት፣ መሞታቸውን አያውቁም ይላል። ይህን ሲናገር ካሜራው የማን ፊት ላይ ነው? የማልኮም። ከዚህ በላይ ምን ይንገረን?

አሁን የኔን ልንገራችሁ። ይህን ፊልም ያየሁት ደሴ ቪዲዮ ቤት ውስጥ ነው፤ በሃምሳ ሳንቲም። ቴሌቪዥኑ አጠገብ ቆሞ የሚተረጉም ልጅ ነበር። እንግሊዝኛው እስከዚህም ነው፤ ፊልሙን ግን ቀድሞ አይቶታል። ማልኮም ከተተኮሰበት በኋላ አግዳሚው ላይ ሲታይ ልጁ ወደኛ ዞሮ «ይሄ ሰውዬ ሞቷል፤ እንዳትሸወዱ» አለና ቁጭ አለ።

በቃ። ቤቱ ሙሉ በሳቅ ሞተ። ሬስቶራንቱ ጋ ሲደርስ ሃምሳ ሰው አንድ ላይ «አታይህም!» ይላል። ሒሳቡን ሊያነሳ ሲል «ኪስህ ባዶ ነው!» የሚል ከኋላ አለ። አስፈሪ ፊልም ኮሜዲ ሆነ። ቤቱ ጸጥ ያለው አንድ ቦታ ብቻ ነው፤ መኪናው ውስጥ።

ታስታውሳላችሁ፣ መንገድ በአደጋ ተዘግቶ እናትና ልጅ መኪና ውስጥ ተቀምጠዋል። ኮል ለመጀመሪያ ጊዜ ለእናቱ እውነቱን ይነግራታል። የሞተችው ሴት ከመስኮቱ ውጭ ቆማለች ይላታል። አታምነውም፤ ትፈራለታለች። ከዚያ ስለ አያቱ ያነሳል። እናትየው ልጅ ሳለች፣ ልትጨፍር ስትል ከአያትየው ጋር ተጣልተው ነበር፤ ልታየኝ አልመጣችም ብላ ነው የከረመችው፤ አያትየው ግን መጥታ ከኋላ ሆና አይታለች። ቀጥሎ እናትየው መቃብር ላይ ሄዳ የጠየቀችውን ጥያቄ መልስ ይዞላት መጥቷል፤ «በየቀኑ»። ጥያቄው ምን እንደነበር ሲጠይቃት እናትየው (ቶኒ ኮሌት) አፏን ይዛ «አኮራሽ ነበር ወይ?» ነበር ያልኳት ትላለች።

ያ ተርጓሚ ልጅ ይህን አልተረጎመውም። ዝም አለ። ግማሹ ሰው እንግሊዝኛ አይሰማም፤ ግን አንድም ሰው አልሳቀም፤ ከፊቴ የተቀመጠው ሊስትሮ ልጅ በእጅጌው አፍንጫውን ይጠርግ ነበር። ስለዚህ አወያይ፣ መጨረሻውን ካወቅን በኋላ ፊልሙ ይታያል ወይ ላልከው እኔ ከመጀመሪያውም አውቄ ነው ያየሁት። ይታያል።

የቄራው፦
አቦ ይመችህ ደሴ። «ኪስህ ባዶ ነው» ገደለኝ።

የፊላደልፊያው ሹፌር፦
ዘግይቼ ገባሁ፤ ፈረቃ ላይ ነበርኩ። ፊላደልፊያ ነው የምነዳው፤ ስለ ቦታው ትንሽ ልበል። ሺያማላን ሕንድ ተወልዶ እዚሁ ፊላደልፊያ ዳር ነው ያደገው፤ ፊልሙን ከተማው ውስጥ ነው የቀረጸው። የማልኮም ቤት ያለበት ዴላንሲ የሚባለው መንገድ ቀይ ጡብ ቤቶች በሁለት በኩል የተደረደሩበት ጠባብና ጸጥ ያለ ሰፈር ነው። አሁንም በር ላይ ቆመው ፎቶ የሚነሱ ተሳፋሪዎች አወርዳለሁ።

ኮል የሚሸሸግበት ቤተ ክርስቲያን ቅዱስ አውግስጢኖስ ነው፤ 4ኛው ጎዳና ላይ፣ ቤን ፍራንክሊን ድልድይ ሥር ማለት ይቻላል። ድልድዩ ላይ ስትወጣ ከጎንህ ታየዋለህ። በ1844 በካቶሊክ ስደተኞች ላይ በተነሳ ሁከት ተቃጥሎ እንደገና የተሠራ ነው። ይህን ሳውቅ ፊልሙ ተለወጠብኝ። ኮል ትምህርት ቤቱ ውስጥ ለመምህሩ «እዚህ ሰዎች ይሰቀሉ ነበር» ይለዋል፤ መምህሩ አያምነውም፤ ልጁም መምህሩ ልጅ ሳለ ይሰደብበት በነበረው ስም እየጠራ ይጮህበታል። ከተማው ያላዘነላቸው ሙታን አሉበት፤ የሚሰማቸው አንድ የተፈራ ሕፃን ብቻ ነው። ትዊስቱ ቢወጣ ይህ ይቀራል።

ዲያቆን፣ አንድ ነገር ልጠይቅህ። እዚያ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ልጁ አሻንጉሊት ወታደሮች ይዞ ሲጫወት በላቲን የሚላት ነገር አለች። ማልኮም በኋላ ፈትቶ ሲያነበው «አቤቱ ከጥልቅ ወደ አንተ ጮኽሁ» ማለት ሆኖ ያገኘዋል። ይህ ዳዊት አይደለም?

ዲያቆኑ፦
ነው። መዝሙር 129። እነሱ 130 ይሉታል፤ እኛ እንደ ሰባ ሊቃናት ነው የምንቆጥረው። ይህን ልብ አላልኩም ነበር፤ ዛሬ ድጋሚ አያለሁ። ግን አቋሜን አልቀየርኩም። ሳኦልም ዓይንዶር ሄዶ ሳሙኤልን አስጠርቷል፤ ያተረፈው ግን ሞቱን መስማት ነው።

ኤዲተሩ፦
ዲያቆን፣ አንድ ነገር ግን እየው። ልጁ ሙታንን አይጠራም። ይመጡበታል። ማልኮም የሚመክረውም «አናግራቸው፣ እርዳቸው» ነው እንጂ «ጥራቸው» አይደለም። ኪራን የገደላት መርዝ ነው፤ ሲመርዛት የነበረው ሰው በካሴቱ ተጋለጠ፤ ታናሽ እህቷ ተረፈች። ይህ ጥንቆላ ሳይሆን ምስክርነት ነው።

ዲያቆኑ፦
ቆንጆ አድርገህ ነው የተከራከርከው፤ አላሳመንከኝም። ለሰው ልጅ የሚያዝን ሁሉ ከእግዚአብሔር ነው ማለት አይደለም። በፊልምነቱ ግን ልጁ ላይ አንድም ነውር አላይበትም። ሃሊ ጆኤል ኦስመንት ለኦስካር ሲታጭ 11 ዓመቱ ነበር። የዓይኑን ፍርሃት እኔ ቅዳሴ ላይ የሚያለቅስ ልጅ ሳይ ነው የማውቀው።

አወያዩ፦
እግረ መንገዴን፣ ፊልሙ ለስድስት ኦስካር ታጭቶ አንዱንም አልወሰደም። ወጪው 40 ሚሊዮን ዶላር ገደማ፤ በዓለም ዙሪያ ከ670 ሚሊዮን በላይ አስገባ። በዚያ ዓመት የበለጠው አዲሱ «ስታር ዋርስ» ብቻ ነው። ከኛ ጥያቄ ጋር የሚገናኘው፣ ብዙ ሰው ሁለቴ ከፍሎ መግባቱ ነው። ማጭበርበር ቢሆን ሰው ተመልሶ ይከፍላል?

ጋሽ መምህር፦
ልጄ፣ ሎተሪም ሰው ተመልሶ ይከፍላል።

የቴል አቪቯ፦
ክርክራችሁ ደስ ይላል፤ ግን የተሻለው ፊልም ሌላ ነው። «ዚ አዘርስ»፣ 2001፣ ኒኮል ኪድማን። ዳይሬክተሩ አሜናባር ስፔናዊ ነው፤ ሙዚቃውንም ራሱ ነው የሠራው። ከጦርነቱ ማግስት በ1945 ጀርዚ ደሴት ላይ እናት ሁለት ልጆቿን ከብርሃን ደብቃ ታሳድጋለች። ቤቱ ውስጥ መናፍስት አሉ ብላ ትፈራለች። ስፔን ውስጥ ስምንት ጎያ ሽልማት ወስዷል፣ አንድም የስፓኒሽ ቃል ሳይነገርበት። እዚያ ተመልካቹን ብቻ አይደለም የሚያታልለው፤ እናትየዋ ራሷን አታላለች፤ ልጆቿን በትራስ አፍና ራሷን እንዳጠፋች ማወቅ አልፈለገችም። ጋሼ «እንዴት አያውቅም?» ላሉት መልሱ ያ ነው። አለማወቅ ሳይሆን አለመፈለግ።

የቄራው፦
እንዴ!!! ያንን እኮ አላየሁትም ነበር! ሐሙስ ላየው አውርጄ ነው ያስቀመጥኩት!

የቴል አቪቯ፦
ወይኔ። ይቅርታ ወንድሜ። ሃያ ምናምን ዓመቱ እኮ ነው።

የቄራው፦
ለኔ ሐሙስ ነበር አዲስ የሚሆነው።

አወያዩ፦
ማስጠንቀቂያው ለአንድ ፊልም ብቻ ነበር፤ ጥፋቱ የኔ ነው። ቄራው፣ ቡና በኔ።

የልጆቿ እናት፦
ዝም ብዬ ሳነብ ነበር። ሁላችሁም ስለ ማልኮም ነው የምታወሩት። እኔ ስለ አና ልናገር።

ፊልሙን መጀመሪያ ያየሁት ከባሌ ጋር ነው፤ ገና ተጋብተን ነበር። አናን ጠላኋት። ባሏ ሲያናግራት ዝም፤ በዓላቸው ቀን ቁጣ፤ ከሱቅ ሠራተኛው ልጅ ጋር ስትስቅ። «ይቺ ባለጌ» ብዬ ተናግሬ ባሌ ስቆብኛል። መታጠቢያ ቤቱ ሳጥን ውስጥ የድብርት መድኃኒቷን ሲያገኝ እንኳ «ምን ጎደላት?» ነው ያልኩት። መጨረሻው ሲመጣ ስለ ማልኮም ደነገጥኩ እንጂ አናን ይቅርታ አልጠየቅኳትም።

ባሌ ካረፈ ሰባት ዓመት ሆነ። ከዓመት በኋላ ነው ልጄ ከፍቶት ድጋሚ ያየሁት። አሁን ማልኮምን ማየት አቃተኝ፤ እሷን ብቻ ነው ያየሁ። ባለጌዋ ሴት ጠፋች። ብርድ ልብስ ተጠቅልላ የሠርጓን ካሴት የምታይ ሴት ናት። ያ ልጅ በር ላይ ሲመጣ ፈገግ ብላ መመለሷ፣ በመጀመሪያው ማማገጥ ነበር የመሰለኝ። ሰፈሬም በኔ ላይ እንዲሁ ነው ያለው። ከል አውልቄ አንድ ቀን ሰማያዊ ሻርፕ ባደርግ «ቶሎ ረሳችው» ተባለ። ሰው ሰላም ሲለኝ ካልሰማሁ «ኮራች» ተባለ። ማታ ማታ የውጭውን በር መቀርቀሪያ ሳላስገባ እንደምተኛ ያየ የለም፤ እሱ ስለሚያመሽ ለአሥራ አራት ዓመት የለመድኩት ነው።

ጋሼ፣ ለርስዎ ክብር አለኝ፤ ግን ማጭበርበር ካሉት እኔን አላጭበረበረኝም። እኔ በአንዲት ሐዘንተኛ ላይ አንድ ሰዓት ከአርባ ደቂቃ ሙሉ ስፈርድባት ቆየሁና ያዘኝ።

ኤዲተሩ፦
እህቴ፣ እግዚአብሔር ያጽናሽ። ሃያ ጊዜ አይቼዋለሁ፤ አንድ ጊዜም በአና በኩል አላየሁትም።

የፊላደልፊያው ሹፌር፦
ነፍስ ይማር።
ጋቢና ውስጥ ቁጭ ብዬ ነው ያነበብኩት። ተሳፋሪው «ደረስን እኮ» አለኝ።

የቄራው፦
እትዬ፣ ያን «ባለጌ» እኔም ብያታለሁ። ሼም ያዘኝ።

ጋሽ መምህር፦
እህቴ ነፍሱን ይማር። ጽሑፍሽን ሁለቴ ካነበብኩ በኋላ የልጅ ልጄ ፊልሙን ከፈተልኝ፤ አሁን ጨረስኩት።

ሁለት ነገር አየሁ። አንደኛ፣ ቪንሰንት ልጅ ሳለ የተቀዳውን ካሴት ማልኮም ድምፁን ከፍ አድርጎ ሲሰማ፣ ባዶ ነው ያለው ክፍል ውስጥ የሚያለቅስ ሰው በስፓኒሽ መሞት አልፈልግም ይላል። ስለዚህ ያ ልጅ የዛሬ ስንት ዓመት እውነቱን ሲናገር ሐኪሙ አልሰማውም። ፊልሙ የሚያስቀጣው ሐኪም ያን ያልሰማ ሐኪም ነው። ይህን ከዚህ በፊት አላየሁም፤ ለፊልሙ አንድ ነጥብ።

ሁለተኛ፣ ሬስቶራንቱ። ኤዲተር፣ አንተ ያላነሳኸው አለ። ጠረጴዛው የሁለት ሰው ነው። አና ብቻዋን ከመጣች ፊት ለፊቷ ያለው ወንበር ለማን ነው? አስተናጋጁ ለምን አላነሳውም? እዚህ ላይ ዳይሬክተሩን ያዝኩት መስሎኝ ነበር።

የልጆቿ እናት፦
ማን ያስነሳል ጋሼ? ያቺ ምግብ ቤት እኮ ጋብቻ የጠየቃት ቦታ ናት። እኔም በዓመት አንድ ቀን ፒያሳ አንድ ኬክ ቤት ሄጄ ግድግዳ ጥጉ ላይ እቀመጣለሁ። አስተናጋጁ «ሰው ይመጣል?» ሲለኝ «አዎ» እለዋለሁ።

ጋሽ መምህር፦
እሺ። ወንበሩን ተውኩት።
የሱቁን መስታወት ግን አልቀበልም።